ደብዳቤ የያዘችው ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሰው ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ሥዕል ያቺን ሴትዮ አየኋትና ደሜ ፈላ። ጥቁር ሐር የለበሰች፣ ደብዳቤ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮት ያዞረች ፈረንጅ። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ስትለኝ እንኳ አልሰማኋትም።

የዚሁ ሥዕል ቅጂ እኛ ሳሎን ዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። አባቴ ነው ከፒያሳ የገዛው፤ መምህር አይደል፣ «የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያስተዋውቃታል። እናቴ ግን ጎረቤት አደረገቻት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ፣ የሐይቁ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ሽንኩርት እየላጠች ታዝንላት ነበር። «መርዶ እኮ ነው የመጣላት። መርዶ በወረቀት ይነገራል? ማለዳ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚነግራት ዘመድ ይጥፋ?» እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ይህን በየቀኑ መስማት አንገፍግፎኝ ነበር።

አንድ እሁድ ደብረ ማርቆስ የነበረችው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ አረፈች። አባቴ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። የእናቴን ስልክ «ጥገና ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ደበቀና፣ ዘመዶች መጥተው ቅዳሜ ማለዳ እስኪያረዷት ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ። ለእሱ መናገር ቀላል ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመጣል። ቤት የምውለው እኔ ነኝ። እናቴ ለአያቴ የምትልከውን ቀሚስ ጥለት እያሳየችኝ «ይሄ አያምርባትም?» ትለኛለች። «ያምርባታል» እላለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እንደ ልማዷ ሥዕሏ ፊት ቆመች። «ምስኪን፣ አይዞሽ የሚልሽ እንኳ የለ» ስትል አላስችል አለኝ።

«እማዬ፣ ተያት በቃ። የራስሽ እናት ሞታ ለፈረንጅ ታዝኛለሽ?»

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሁለት ቀን መታገስ አቅቶኝ፤ እስከ ዛሬ በራሴ እበግናለሁ።

እናቴ አልጮኸችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«መቼ?»

«እሁድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ይዘሽው ሰነበትሽ?» አለችና ሳብ አድርጋ አቀፈችኝ። እኔን አባብላ ስትጨርስ ነው የራሷን ልቅሶ የጀመረችው።