ጋሼ አብዱልባሲጥ የሚገቡበት በር

የሳብሪያ ቫን የጎን በር ተቆልፎ አልከፈት ካለ ወዲህ ጋሼ አብዱልባሲጥ ከቤት መውጣት አቁመዋል።

ሳብሪያ በአዘቦት ቀን ለአንድ የምግብ አከፋፋይ ዕቃ ታመላልሳለች። አርብ ሲሆን ግን ከሎስ አንጀለስ ሰፈሮች፣ ከዌስት አዳምስና ከካልቨር ሲቲ፣ ሽማግሌና አሮጊቶችን ለቅማ ለጁምዓ ታደርሳለች፤ ከሶላት በኋላ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ላይ ታወርዳቸውና ሸምተው፣ ተጨዋውተው ይመለሳሉ። በሩ ሲበላሽ ሁሉም በፊተኛው በር ገብቶ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደ ኋላ መሹለክ ግድ ሆነበት። የፊቱ ወንበር ዳሌያቸውን የተሰበሩት የእትዬ ሲቲና ስለሆነ አይነካም።

ጋሼ አብዱልባሲጥ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ መሀል ላይ ተሰነቀሩ። ሰው ከኋላ ገፍቶ አስገባቸው፤ ያውም መስጊዱ ደጃፍ ላይ።

«አንቱ ሰውዬ፣ ሙሽራ እንኳ በዚህ ሁሉ ሚዜ ተገፍቶ አይገባም» አሉ እትዬ ሲቲና።

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። በሚቀጥለው አርብ ሳብሪያ ስትደውል «እግሬን አሞኛል» አሏት። በሌላውም አርብ ያንኑ አሏት። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው የሚቀላቀሉት አርብ ብቻ እንደሆነ ስለምታውቅ ነገሩ አላስተኛትም።

መካኒኩ «በሩን በሙሉ ቀይሪው» አላት። ቫኑ አሮጌ ስለሆነ ግን በሩ ተፈልጎም አልተገኘም። እሷም ራሷ ልትሞክረው ወሰነች።

የመኪና በር ቁልፍ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል። ውስጡ ግን የሥራ ክፍፍል አለው። ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ሲዞር አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጓ ደግሞ በሩን ከቫኑ አካል ጋር አንቆ የያዘውን መንጠቆ ታላቅቃለች። አንዱ ከተያዘ ሁሉም ይቆማል። ደስ የሚለው ነገር፣ ለያይቶ በየተራ መመርመር ይቻላል።

እሁድ ጠዋት ሳብሪያ በፊት በር ገብታ የጎን በሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቢቴ ፈታችው። ዘንጓን ከሲሊንደሩ ነቀለቻትና በጣቷ ወደ ላይ ሳብ አደረገቻት። ያለ ምንም ትግል ወጣች። እጀታውን ስትስበው በሩ አንድም ቀን እንዳልታመመ ሆኖ ተንሸራተተ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ብቻዋን። መንጠቆው ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ የታመመው ሲሊንደሩ ነው።

እዚህ ላይ ማቆም አትችልም፤ የማይቆለፍ ቫን ዕቃ ጭኖ መንገድ ላይ አይቆምም። ሲሊንደሩን ከበሩ ጋር የያዘውን ቆልማማ ሽቦ በፒንሳ ስባ አወጣችና ሲሊንደሩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ የመጣላት ሽታው ነው። ጥቁር አዝሙድ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ክረምት ላይ ቁልፉ መንገጫገጭ ሲጀምር ጋሼ አብዱልባሲጥ ጉልበታቸውን የሚያሹበትን የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከኪሳቸው አውጥተው ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አደረጉበት። «ከሞት በቀር የማያድነው የለም ይላል ሐዲሱ» አሉ፤ እሷም «ኦኬ ጋሼ፣ ይጨምሩበት» አለች። ከዚያ ወዲያ አርብ በመጣ ቁጥር ሳይረሱ ያጠጡት ነበር።

ወጥ ቤት ያለውን የዘይት ጠርሙስ አንገቱን ነክተው ያውቃሉ? ይጣበቃል። የሚበላ ዘይት በስሱ ሆኖ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይሄዳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ደግሞ በጥቃቅን ሞላዎች የሚገፉ ስስ የናስ ቁርጥራጮች አሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ሰብሰብ ይሉና መንገድ ይለቃሉ። ሙጫውና የመንገዱ አቧራ ተባብረው ባሉበት አጣበቋቸው።

ሳብሪያ በፍሬን ማጽጃ ደጋግማ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከዚያ ዘይት ሳይሆን ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነፋችበት፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ማለት ነው። ያ ያንሸራትታል እንጂ አይጣበቅም። ቁልፉን አስገባች። ዞረ። መልሳ አዞረችው፤ ደግማ ደጋግማ፣ ለደስታዋ ብቻ።

ስልክ አነሳች።

«ጋሼ፣ በሩ ተከፈተ።»

«ምን ሆኖ ኖሯል?»

«ዘይት በዝቶበት።»

«የኔ ዘይት?»

«የእርስዎ። ሶ፣ ከእንግዲህ ለጉልበትዎ ብቻ ይሁን።»

«ሐዲሱስ ስለ ሰው እንጂ ስለ መኪና መች ተናገረ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማች ቆይታ ነበር። «አርብ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ?»

አርብ መጡ፤ በጎን በርም ገቡ። ሳብሪያ ግን የቫኑ ወለል ከፍ ማለቱን፣ እሳቸውም ሲወጡ ጠርዙን ጨብጠው ትንፋሻቸውን መያዛቸውን አየች። ከአሮጌ መኪና መፍቻ ግቢ የሌላ ቫን መርገጫ ገዝታ መጣች። ብሎኖቹ ከቀዳዳዎቹ አልገጠሙም።

አሁን አዲስ ቀዳዳ ከመብሳቷ በፊት ለእግራቸው የሚመቸውን ከፍታ ልትለካ ከቫኑ ሥር በጀርባዋ ተኝታ መርገጫውን በሁለት እጇ ይዛለች። ጋሼ አብዱልባሲጥ በሩ ፊት ቆመው አንድ እግራቸውን ያነሣሉ።

«እዚህ ጋ?»

«ዝቅ አድርጊው።»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ዝቅ።»