ለጊዜው ያልነው

ከልጄ አባት ጋር ስንለያይ አልተጣላንም። ያኔ እኔ ቀን ነርሲንግ እማራለሁ፣ ማታ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። እሱ ኤርፖርት ታክሲ ስለሚነዳ ሰዓቱን እንደሚመቸው ማድረግ ይችል ነበር። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። ጠበቃ አልያዝንም። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የተከራየኋት ክፍል ለእኔም ትጠበኝ ስለነበር፣ «ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን፤ ከዚያ ትወስጃታለሽ» አለኝ። ተገላገልኩ። ዳኛ ፊት ቀርበን፣ በትምህርት ቀናት አባቷ ጋ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኔ ጋ እንድትሆን ተወሰነ። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁትም፤ በመካከላችን የታወቀ ነገር ነው ብዬ።

ትምህርቱ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ስመረቅ ልጄ አሥራ አንድ ሞልቷት ነበር። የቀን ሥራ ያዝኩ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራየሁ፣ የሷን ክፍል በእጄ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ደወልኩለት።

«በቃ፣ አሁን ልውሰዳት» አልኩት።

 «ትምህርት ቤቷ እዚህ ሎውሪ ሰፈር ነው፤ ጓደኞቿም እዚሁ ናቸው» አለኝ። «እምቢ ማለቴ አይደለም። ግን ምን ብዬ ልንገራት?»

ለእኔ ግን እምቢታ ነበር። ውሳኔው እንዲሻሻል ፍርድ ቤት አመለከትኩ።

በቀጠሮው ቀን ጉዳያችንን ያዩት ዳኛ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

«በልጅቷ ኑሮ ወይም በአባቷ ቤት ምን የተለወጠ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የተለወጥኩትማ እኔ ነኝ» አልኩ። «ተመረቅኩ። ቤት አለኝ። ማታ ማታ ከቤቴ አልወጣም።»

«የሚያስመሰግን ነው። ሕጉ የሚጠይቀኝ ግን ስለ እርስዎ አይደለም፤ ልጅቷ አሁን ስለምትኖርበት ቤት ነው።»

ያን ጊዜ ለጊዜው ብለን መስማማታችንን ተናገርኩ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞሩ። ይክዳል ብዬ ነበር።

«እውነቷን ነው፣ ብለናል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እኔም አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት መስሎኝ ነበር።»

ቢክድ ኖሮ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። እውነቱን ተናገረ፤ የጠቀመኝ ነገር ግን አልነበረም። ልጄን እንዲያነጋግር በፍርድ ቤቱ የተመደበው ባለሙያ ያለችውን ነገረን፤ «ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ትምህርት ቤቴን ብቻ አትቀይሩብኝ።» ዳኛዋ እዚያው ባለችበት እንድትቆይ ወሰኑ። ለእኔ ረቡዕ ማታንና የክረምቱን ዕረፍት እኩሌታ ጨመሩልኝ።

የልጄ አባት ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። «በፈለግሽ ሰዓት ነይ» አለኝ። ልቡን አውቀዋለሁ፤ ከልቡ ነው ያለው። ግን የገዛ ልጄን ለማየት እንደ እንግዳ መጠራቴ ነው የተሰማኝ። የመኪናዬን በር ዘግቼ ሄድኩ።

ሰኔ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ዘንድ ሰነበተች። ቅዳሜና እሁድ ስትመጣ ሁለታችንም አርፍደን ስለምንነሣ የጠዋት ጠባይዋን አላውቀውም ነበር። ጠዋት ቁርስ እየሠራሁ አወራታለሁ፤ ቀና ብላ እንኳ አታየኝም። «ምን ሆነሻል?» ስላት፣ «ናቲንግ፣ ማሚ» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን መቻል አቃተኝና ሥራ ቦታ ሆኜ ለአባቷ ደወልኩ።

«ተቀይማኛለች መሰለኝ። በፍርድ ቤቱ ነገር ይሆን?»

«ኧረ አልተቀየመችሽም» አለኝ። «ጠዋት አታወራም። ድሮም እንደዚያው ናት። ቁርሷን እስክትጨርስ ተያት፣ ከዚያ ራሷ ትጀምርልሻለች።»

ቅር እንዳይለኝ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። አመሰግናለሁ አልኩት። በማግስቱ እንቁላሏን አቅርቤላት ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ምንም አላልኳትም። ስትጨርስ ሳህኗን ገፋ አደረገችና ስለ አንዲት ጓደኛዋ ውሻ ታወራኝ ጀመር። እየሰማኋት፣ ባልነበርኩባቸው ዓመታት እሱ ስንት ጠዋት እንዲህ ዝም ብሎ ጠብቋት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።