በርበሬው ለምን ይደርቃል?

የተወለድኩት ፍኖተ ሰላም ነው፤ እንጀራዬ ግን ቡሬ ሆነ። ከከተማው ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ሥራዬን አሳምሬ የምሠራ ይመስለኝ ነበር። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ መጽሐፉን አወርድና ገጹን ገልጬ "ይኸውላችሁ" እላቸዋለሁ። ገልብጠው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን የሳይንስ መምህሩ አንድ እቅፍ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈና "እስቲ አንብቢ" አለኝ። ስለ አፈር መሸርሸር የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ልጅ "ከላይ በሥዕሉ እንደተመለከተው" ይላል፤ ሥዕል ግን የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

"ገጹን ማን ገለጠላቸው?"

"እኔ" አልኩ።

ቅር ቢለኝም እውነቱን ነበር። ተነጋገርንና ለሚቀጥለው ሥራ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን የማያውቀውን አንድ ጥያቄ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ተስማማን። እኔም ገጽ ላልገልጥ ቃል ገባሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። "ቲቸር፣ ገጹን ብቻ ንገሪን" እያሉ ይለምኑኛል። እኔ ማውጫውን እንዴት እንደሚጠቀሙበት አሳያቸውና እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

ከልጆቹ አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ ከአዊ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ጥያቄዋ "የእኛ በርበሬ ለምን ይደርቃል?" የሚል ነው።

"አባትሽ ምን ይላሉ?" አልኳት።

"ውሃ ሲተኛበት ነው ይላል።"

"ታዲያ ጻፊዋ!"

"የአባቴን ቃል? ደብተር ላይ?"

"አዎ፤ ማን እንዳለው ጨምረሽ።"

በሁለተኛው ቀን የግብርና መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። መጽሐፉ በሽታው አፈር ውስጥ እንደሚኖርና አንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ በርበሬ ሲተከል እንደሚበረታ ይናገራል።

"ቲቸር፣ አባቴ ተሳስቷል።"

"መጽሐፉ የእናንተን ማሳ አይቶታል እንዴ?"

ሳቀች። ቅዳሜ ሄዳ ራሷ እንድታይ፣ ያየችውንም እንድትጽፍ ነገርኳት። ሰኞ ጠዋት ከደወሉ በፊት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከማሳው ላይኛው በኩል የደረቀው ጥቂት ነው፤ ውሃ በሚተኛበት በታችኛው በኩል ግን አብዛኛው ደርቋል። ደግሞም እዚያው ማሳ ላይ ለሦስት ዓመት በርበሬ ብቻ ተተክሏል።

"አሁን ማን ልክ ነው?" አለችኝ።

"እኔ አላውቅም። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?"

አላነበበችውም ነበር። ተቀምጣ ገጹን ገለበጠችና ትንሽ ቆይታ ጮኸች። በቀጣዩ ገጽ ላይ፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት በሽታውን እንደሚያባብሰው ተጽፏል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጮኽ ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ።

ክፍል ውስጥ ስታቀርብ መምህሩ ጠርቶኝ ከኋላ ቆሜ ሰማኋት። መጽሐፉ ያለውን፣ አባቷ ያሉትን፣ በዓይኗ ያየችውን ለየብቻ ተናገረች። በመጨረሻም "ከላይ በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ለምን እንደደረቁ ግን አላወቅሁም" ብላ ተቀመጠች። ከሁሉ ያስደሰተኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

በገበያ ቀን አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ የእኔን ቃል ጽፋለች አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። "አባቴ እንዳለው" የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ መጽሐፉንም እንዳመጣላቸው ጠየቁኝና ያንኑ ገጽ አነበቡ።

"እንግዲህ እኔና መጽሐፉ ተስማምተናል በሉኛ!" አሉና ሳቁ። ቆየት ብለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንደኔ ያለ ሰው እዚህ መጥቶ ቢያነብ ይከለከላል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ርእሰ መምህሩን ጠየቅሁ፤ ፈቀደ። በዚያ ክረምት ሰውየው ቦይ ቆፈሩ፤ ከታች በኩል በቆሎ ዘርተው በርበሬውን ወደ ላይ አወጡት። አሁንም የሚደርቅ አልጠፋም፤ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። በገበያ ቀን እቃቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ፤ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራውን መጽሐፍ እያነበቡ ነው። ልጅቱም ከትምህርት ስትወጣ አጠገባቸው ትቀመጥና የከበዳቸውን ቃል ታነብላቸዋለች።