መያዣ የቀረው የመጨረሻ ገጽ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ዓይኔ አይየው። ነቀምቴ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረን መምህርም ይጠላው ነበር፤ እሱ የሚጠላው ግን በሌላ ምክንያት ነው። «ከውጭ የተቀዳ፣ ከተማው ብቻ አዲስ አበባ የተባለ፣ መርማሪው ሻምበል የተደረገ፣ የመናኸሪያ ንባብ! ሥነ ጽሑፍ ብላችሁ እንዳትጠሩት» ይለናል ከንፈሩን እያጣመመ። እሱን ራሱን ጨለለቂ ሰፈር ካለው መጽሐፍ ማከራያ፣ የአንዱን የምርመራ መጽሐፍ ሽፋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲወጣ አግኝቼዋለሁ። አስመሳይ!

አከራዩ ሽማግሌ ተንኮል ያውቅበታል። መርማሪ ያለበትን መጽሐፍ ሲያከራይ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገንጥሎ ያስቀራል፤ መጽሐፉን ስትመልስ እዚያው ቆመህ ታነባቸዋለህ። መታወቂያ ከመያዝ ይሻላል ይላል። እውነቱን ነው፤ መጽሐፍ ጠፍቶበት አያውቅም።

ታላቅ ወንድሜ የዚህ ቤት ሱሰኛ ነበር። ጊዳ አያና ሱቅ ከፍቶ ሲኖር፣ ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ ነቀምቴ በመጣ ቁጥር አንድ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል። በአካባቢው ግጭት የተነሳ ጊዜ በገዛ ሱቁ ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ በጥይት ተገደለ። የተኮሰውን ሰው መንደሩ በሙሉ አይቷል። ለቅሶ የመጡት ስሙን በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። አቤት ያልኩበት ቢሮ ሁሉ «እናጣራለን» አለኝ፤ ሄዶ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ገዳዩን ማንም አያውቀውም፣ ሁሉም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ሁሉም ያውቃል፣ የሚጠይቅ ነው የጠፋው። ታዲያ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? ልብ ወለዱ ውሸታም ነው። የምጠላው ለዚህ ነው።

ሱቁ ውስጥ የተገኘውን የመጨረሻ መጽሐፍ ልመልስ ሄድኩ። አከራዩ መርዶውን ሰምቷል።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተሎ፤ እንዴት ነሽ ልጄ» አለኝ። ከካርቶን ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ የተያዙ ገጾች አውጥቶ ዘረጋልኝ። «እንኪ፣ አንቺ አንብቢለት። ምስኪን፣ ገዳዩን ሳያውቅ ሄደ።»

እጄን አልዘረጋሁም።

«የመጽሐፉን ነው እንጂ የራሱንስ ያውቀዋል» አልኩት። «ጎረቤቱ ነው። መጻሕፍቱን ተራ በተራ እየተቀባበሉ ነበር የሚያነቡት። መጨረሻውን ወንድሜ ከዚህ ተመልሶ የሚነግረው ለእሱ ነበር።»