የንጋቱ ቁልቁለት

ንጋቱን የማውቀው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ሞባይል ሲጠግን ነው። እኔ ከሱ ሱቅ አጠገብ ልብስ እተኩሳለሁ። ስለ ሰው መጻፍ አልለመደብኝም፣ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የንጋቱን ነገር የሚጽፈው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው እኔ የሞከርኩት። የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ ያርመኝ።

ሰውየው የአንኮበር ልጅ ነው። ካርቱም አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሚስቱ ሰብለ ትባላለች፣ ልጃቸው ገሊላ እዚሁ ተወልዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዐረብኛውን ታንበለብለዋለች፣ አማርኛው ላይ ግን ትንሽ ትደናቀፋለች።

በፈረንጅ 2016 የሰብለ እህት አውስትራሊያ ሆና የጀመረችላቸው የመሄጃ ፕሮሰስ አለቀ። የእናትና የልጅ ወረቀት ወጣ፣ የንጋቱ ተለይቶ ቀረ። መቼ ይደርሳል ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ኢንሻአላህ ነው። እነሱ ሊሄዱ አንድ ወር ቀራቸው።

በዚያ ሰሞን ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብለን ልጁን ስለ አገሩ ያጫውታታል።

«ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በቁልቁለቱ እየሮጥን ቤት እንገባለን።»

«ቁልቁለት ምንድን ነው?» አለችው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እጁን አጋድሞ አሳያት።

«ደረጃ ነው?»

«ደረጃ አይደለም። መሬቱ ራሱ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ታዲያ ሰዎቹ አይወድቁም?»

እውነቷን ነው፣ የት አይታው ታውቃለች? ካርቱም እንደ ትሪ የተዘረጋ አገር ነው። ንጋቱ ግን ነገሩ ከነከነው። ልጄ አገሬን ሳትረግጥ ልትሄድ ነው አለ። የኮምፒዩተር ጨዋታ ትወዳለችና፣ ከመሄዷ በፊት አንኮበርን በጨዋታ ልሥራላት ብሎ ተነሳ።

ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ፣ ለጀማሪ የተዘጋጀ የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም አገኘ። እንደገባኝ ልጻፈው። መሬቱ እንደ ወለል ንጣፍ በትንንሽ ካሬ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ካሬ ሣር፣ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ውሃ ይሆናል። እነሱን እየደረደሩ አገር መሥራት ነው። የኛን ፊደል ስለማያውቅ ንጋቱ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አንድ በአንድ ሳለው። ቤታቸውን ሠራ፣ ባሕር ዛፉን ሠራ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሠራ፣ በመካከላቸው የምትሄድ የልጅ ሥዕልም ጨመረ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ፕሮግራም ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም በየነ» አለኝ። «ተራራ ብዬ ስስል ወይ ግድግዳ ይሆንብኛል፣ ወይ ልጅቷ እንደ ምንጣፍ ረግጣው ታልፋለች።»

«ሌላ ፕሮግራም የለም?»

«ትልልቆቹማ ተራራውንም ጥላውንም ይሠራሉ። ይቺ ኮምፒዩተር ግን ገና ስከፍታቸው ትሞቅና ቀጥ ትላለች።» ማያውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የተራራው ጥላ ደጃችን ይደርሳል። እዚህ ውስጥ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ነው።»

«እንደ ካርቱም በለኛ» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

ከሳምንት በኋላ ዘዴ አገኘ። ልጅቷ ወደ ታች ስትሄድ ሳትነዳ በራሷ እንድትሮጥ፣ ወደ ላይ ስትመለስ እንድትንቀረፈፍ አደረገ። ሞክረው አለኝ። ቁልፉን ስነካ ሥዕሏ ይዛኝ ወረደች። እኔም የገጠር ሰው ነኝና ሳላውቀው ወገቤን ይዤ ወደ ኋላ ለጠጥ ብያለሁ።

«ወንበሩ ላይ ሆነህ ልትወድቅብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አፈርኩ፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ዓርብ ገሊላ መጣች። ትንሽ ነካካችና አባቷን ዞር ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ኸርባን ነው። ተበላሽቷል።»

«ምኑ?»

«ሳልነካው ይሮጣል። ስመለስ ደግሞ ይጎተታል።»

«ቁልቁለቱ እኮ ነው የሚወስድሽ ገሊላዬ።»

«የቱ? ሜዳ እኮ ነው» አለች። ማያው ላይ ሲያዩት እውነትም አረንጓዴ ሜዳ ነው።

ሰፈሩን ዞራ ጨረሰችና «የኦመር ዱካን የታለ?» አለች። ኦመር ከኛ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው።

«አንኮበር ኦመር የለም።»

«አንተስ?»

«እኔ ያለሁት ካርቱም ነዋ።»

«ታዲያ እዚህ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?» አለች። ለክፋት አልነበረም፣ ልጅ ናት። ተነስታ ገመድ ልትዘል ወጣች።

ንጋቱ ኮምፒዩተሩን ዘጋ። እኔም የታጠፈ ጀለቢያ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

እሑድ መጥቶ «መንገዳችን ላይ ስንት ዚር አለ?» አለኝ። ዚር የምንለው ለመንገደኛ የሚቀመጠውን የውሃ እንስራ ነው።

«ሦስት። አንዱ ተሰንጥቋል።»

የተሰነጠቀውን ለይቶ ጻፈ። ሳጃናን እየሳለ ነበር። ለዚህማ ፕሮግራሙ ምንም አላነሰውም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ቤቱ አራት ማዕዘን ነው፣ ፀሐዩ ሁሌም አናት ላይ ነው። በአራት ቀን አለቀ።

«አንኮበርስ?» አልኩት።

«ሳጃናን ከላዩ ላይ ነው የሳልኩት» አለና ወደ ጥገናው ዞረ።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ገሊላን ማያው ፊት አስቀመጣት። ኦመርን አገኘችው፣ ሳቀች። እኔንም ካውያ ይዤ አገኘችኝ፣ «ጋሽ በየነ ሆዱ ተልቋል» አለች። ሱቁ በር ላይ አባቷን አገኘችው። ነካችው። ጽሑፍ ወጣ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ምሳ በልተሻል?»

ደግማ ነካችው። ያንኑ ጠየቃት።

«በልቻለሁ» አለችው። እንደገና ነካችው።

ንጋቱ ከወንበሯ ጀርባ ቆሟል። እሷ ዞራ አላየችውም።

«በልቻለሁ አልኩህ እኮ አባዬ» አለች፣ ለማያው።