ያልተረገጠው ገብስ

ባለቤቴ ምስጋናው ወገዳ ከተማ ላይ ሞተር ሳይክል ይጠግናል፤ ይጠግን ነበር ልበል እንጂ። እጁ ሥራ መፍታት አያውቅም። ከተጣለ ሞተር ሳይክል ሞተሩን አወጣ፣ የአሉሚኒየም ቱቦና ሸራ ሰበሰበ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ጭልፊት» ይለው ጀመር። ጎረቤታችን አዛውንቱ አባ ማሬ ደግሞ፣ «ጫጩቶቼን ብቻ እንዳትነካብኝ» እያሉ ይስቁበት ነበር።

እኔ ግን ፈራሁ። «ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ?»

የልጃችንን የወረቀት አውሮፕላን አንስቶ አሳየኝ። «እንደተነሣሁ ከጠፋ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጌ ፊት ለፊት ያገኘሁት ሜዳ ላይ ማረፍ ነው። ወደ ኋላ መዞር የለም። ከዞርኩ ፍጥነቷ ያልቅና እንደ ድንጋይ ትወድቃለች።» ከመደጋገሙ የተነሣ እኔም በቃሌ ያዝኩት።

ኅዳር ላይ ከከተማው ዳር ካለው የግጦሽ ሜዳ ተነሣ። ልጄን አዝዬ አየዋለሁ። ከባሕር ዛፉ ጫፍ ከፍ እንዳለ ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ። ቤንዚኑ ከመንገድ ዳር በጠርሙስ የተገዛ ነው፤ ለካ ውሃ ነበረበት። ከፊቱ ያለው የአባ ማሬ ገብስ ነው፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ደርሶ የወንፈል አጫጆችን የሚጠብቅ። በእኛ አገር ደግሞ የደረሰ እህል አይረገጥም፤ ከብት እንኳ ቢገባበት ሽማግሌ ነው የሚቀመጠው።

«ፊት ለፊት» አልኩ፣ እንደማይሰማኝ እያወቅሁ።

ዞረ።

ወገቡ ተሰበረ። ሐኪሙ፣ «እግሩ ላይ ስሜት ከተመለሰ ሊራመድ ይችላል፤ ካልተመለሰ ግን» ብሎ ሳይጨርስ ሄደ። እኔም ጠዋት ጠዋት እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሻለሁ። አንድ ቀን ይሰማው ይሆናል እላለሁ።

አባ ማሬ ሊጠይቁት መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ገብሱ ገባልዎት ወይ አባ?» አላቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን አዩኝ። «ሳናጭደው ያለ ወቅቱ በረዶ መታው፣ ልጄ። ገለባም አልተረፈ። ምነው ባረፍክበት ኖሮ።»

«የደረሰ እህል ነው እኮ አባ። እንዴት ብዬ?»

«ጫጩቶቼን አልኩህ እንጂ» አሉ፣ «ገብሴን መች አልኩህ?»

ማንም አልሳቀ። ሲሄዱ ቅባቱን አንስቼ እግሩን ጫን ጫን አደረግሁት።

«አሁንስ ይሰማሃል?»

ምስጋናው ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበ። «የትኛውን ነው የያዝሽው?» አለኝ።

ሁለቱንም ይዤ ነበር።