ለመውደቅ ስንት ቃል አለ

አባቴ መጀመሪያ የወደቀው ደራ ላይ ነው። አብረውት ያስተማሩ አንድ ሽማግሌ ሞተው ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ወደ አዳማ የሚሄድ ሚኒባስ ልንይዝ አስፋልቱን ተሻገርን። እኔ ከፊት ነበርኩ። ከኋላዬ «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ስዞር አባቴ በግንባሩ ተደፍቷል። ባርኔጣው ተንከባሎ የአንዲት ቲማቲም ሻጭ እግር ሥር ደርሷል። ሴትየዋ «በስመአብ!» ብላ ቀድማኝ ደረሰች። ለሁለት ደግፈን አነሣነው። መዳፉ ተልጧል። ሱሪውን አራገፈ፣ እኔን አየና ፈገግ አለ።

«ትሪፕ» አለኝ።

«ምን?»

«እግርን አንድ ነገር መትቶት ሲወድቁ እንግሊዞች ትሪፕ ይሉታል። ስሊፕ አይባልም። ስሊፕ ሲያዳልጥ ነው።»

ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ይኖር እንደሆነ መሬቱን አየሁ። አስፋልቱ ለጥ ያለ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ደራ፣ ኋላ አዳማ። ከእሱ ጋር አዳማ ውስጥ መንገድ መሄድ ጣጣ ነበር። ባጃጅ ነጂው «ቲቸር!» ይላል፣ ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ከወንበሯ ትነሣለታለች፣ ገበያ የወጡ ሽማግሌዎች «ባርሲሳ፣ ነጋ ቡልታኒ?» እያሉ በኦሮምኛ ደህና ማደሩን ሲጠይቁት እጁን ይዘው አይለቁትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ በግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነን። እኔ ልብስ ፋብሪካ እሰፋለሁ፤ እሱ ከጡረታ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስጠናል።

ከደራው በኋላ መውደቁ በረከተ። መታጠቢያው በር ላይ፣ ታክሲ ሲሳፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ጎንበስ ሲል። ለእያንዳንዱ ቃል ነበረው። ተደናቅፎ ሳይወድቅ ቀና ካለ «ይኼ ስታምብል ነው» ይላል። ጉልበቱ ከድቶት ባለበት ዝርግፍ ካለ «ኮላፕስ»። እኔ ደንግጬ ብብቱን ይዤ ስታገል እሱ ከመሬት ሆኖ ያስተምረኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ስሙን ካወቀለት ነገሩን የሚቆጣጠረው መስሎት ነው መሰለኝ።

አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹ ከበውታል። አባቴን አስነሥቶ አስኬደው፣ አዙሮ መለሰው፣ ከዚያ ከኋላው ሆኖ ትከሻውን ሳብ ሲያደርገው አባቴ እንደተቆረጠ ግንድ እጁ ላይ ወደቀለት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ለተማሪዎቹ ያስረዳ ጀመር። እኔ ብዙው አልገባኝም። አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ያዳምጣል። ሲጨርስ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና በአማርኛ «አዎ አባት፣ እሱም ይመጣል» አለው።

ስንመለስ ሞጆን ካለፍን በኋላ ጠየቅሁት።

«ምን ብለህ ነው የጠየቅኸው አባዬ?»

«አፌም ይወድቃል ወይ አልኩት።»

«መድኃኒት የለውም?»

«የለውም።» ከዚያ እኔ ሳልጠይቀው፣ «ፎልተር ይባላል» አለ። «እግርም ይሁን ድምፅ፣ ጀምሮ ሲያቅተው።» ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጥናቱን ግን አልተወም። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ልጆቹ ሲስቁ ከውጭ ሰማሁ። አባቴ ከዘራውን ወንበሩ ላይ አጋድሞ ቆሟል።

«ስታገር ማለት» ይላቸዋል፣ «ሰውየው ገና አልወደቀም፤ ግን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።» እጆቹን ዘርግቶ ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ልጆቹ ተንጫጩ።

«ቲቸር፣ ይድገሙት!» አለች አንዷ።

ደገመው። ግራ ዘመመ፣ ቀኝ ዘመመ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ሄደ። ሊመክት እጁን እንኳ አላወጣም። ጭንቅላቱ የሲሚንቶውን ጠርዝ ሲመታ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ልጆቹ ያጨበጭቡ ነበር። ትምህርቱ ነው ብለው፣ ደሙ ነጩን ፀጉር አልፎ ሲሚንቶው ላይ እስኪታይ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ይድገሙት ያለችው ልጅ ጮኸች።

ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ። ወላጆች ግን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አስቀሩ። ክፉ የተናገረ የለም፤ «ቲቸር ትንሽ ይረፉ ብለን ነው» አሉኝ በየተራ። እሱ ሰዓቱ ሲደርስ ሸሚዙን ያስቀይረኝና ኒሙ ሥር ይቀመጣል። የዛፉ ቅጠል በንፋስ ሲንኮሻኮሽ ወደ በሩ ያያል። «ዛሬም ቀሩ?» ይለኛል። «ፈተና ደርሶባቸው ነው» እለዋለሁ። እንደማያምነኝ አውቃለሁ።

ፋብሪካ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ አባቴ መሬት ላይ ተዘርሮ ይታየኝ ጀመር። ጎረቤታችን እየገባች ታየው ነበር፤ እሷም የራሷ ኑሮ አላት። አንድ ቀን ስገባ በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ወድቆ አገኘሁት። ጠዋት ያስቀመጥኩለት ቁርስ አልተነካም። ሱሪው ርሷል። ጎኑ ተንበርክኬ እንደ ልማዳችን «ይኼኛውስ ምን ይባላል?» ልለው ፈለግሁ፤ አቃተኝ። እሱም ቃል አልሰጠኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጥቤው፣ አልብሼው፣ አልጋው ላይ ሳስተኛው ዓይኑን አልገለጠም።

በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅሁ።

የአፉም ነገር እንደተባለው መጣ። መጀመሪያ ቃላቱ ተጎተቱ፣ ቀጥሎ መሐላቸው ጨለማ ገባ። «ው…» ብሎ ይቆማል። ውሃ ነው? ውጪ ነው? አንዱን ሳነሣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላውን ሳነሣ ደክሞት ይተወዋል። በስልክ ሲያወራ ጎረቤት የሚያዳምጠው ሰው ነበር እኮ! የድሮ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት ሲመጡ እንደ ደንቆሮ ቆጥረውት ይጮኹበታል፣ ወይም እኔን «በልተዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ እሱ እዚያው እያያቸው። የመጡት ድጋሚ አልመጡም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም መሄጃ ቢኖረኝ የምቀመጥ አይመስለኝም።

አሁን አይወድቅም። ለመውደቅ መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል። ሾርባ በማንኪያ ሳጠጣው ትን እያለው ፊቱ ይጠቁራል፤ ጀርባውን እየመታሁ «እግዚአብሔር!» እላለሁ። የዚያን ሐኪም ቃል፣ «እሱም ይመጣል» ያለውን፣ ለራሴ ስደግመው እውላለሁ፤ አንድም የሚለወጥ ነገር የለውም።

ባለፈው ታናሽ እህቱ ከአቦምሳ መጣች። እንዲህ ሆኖ አላየችውም ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችለት። አጥንቱን ስትዳብስ ቆየችና «ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ያሳርፍህ» አለች።

ደሜ ፈላ። «አክስቴ፣ ይሰማሻል እኮ!» ልላት አፌን ስከፍት የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከፋሲካ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አሜን» አለ።

ጥርት ብሎ፣ ሳይጎተት፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው። አክስቴ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አጠገቡ ቆሜ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ጠበቅሁ። እሱ ጣሪያውን ያያል።

አክስቴ የከሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቶሎ ተነሣች። መናኸሪያ ድረስ አልሸኘኋትም፤ ከበሩ ተመለስኩ። ጀርባው እንዳይቆስል አባቴን የማገላብጥበት ሰዓት ደርሶ ነበር።